ቃሬዛው ላይ ስተኛ

የበረዶ መንሸራተቻው ተራራ ለሰው ሊከፈት አምስት ቀን ቀርቶታል። ዛሬ ከንጋት ጀምሮ እዚያው ነበርኩ። ገመድ ስጎትት ስለዋልኩ ይህን የምጽፈው ጣቶቼ ገና እንደደነዘዙ ነው።

የስኪ ፓትሮል በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ደሞዝ የለውም። በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው ወድቆ ሲጎዳ ደርሰን የመጀመሪያ እርዳታ እንሰጣለን፤ ከዚያ በቃሬዛ እናወርደዋለን። ብዙ ሰው ሥራችን ሰዎችን ሽቦ ላይ በተንጠለጠሉ ወንበሮች ወደ ላይ የሚያወጣው ሊፍት መንቀሳቀስ ሲጀምር የሚጀመር ይመስለዋል። እኛ ግን ልምምድ የጀመርነው መሬቱ ገና ሣር እያለ ነው። ልቡ ለቆመ ሰው ደረት መጫን፣ የተሰበረ እግር ማሰር፣ ሊፍት ቢቆም ሰዎችን ከወንበር ማውረድ። ይሄ የመጨረሻው ትዕግሥት ይጠይቃል። ገመድ በሊፍቱ ሽቦ ላይ ይወረወራል፣ ሰውየው ትንሽ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፣ ከታች ያለነው ቀስ እያልን እናወርደዋለን። በየዓመቱ እንደ አዲስ እንለማመደዋለን።

ጠዋት አደገኛ ቦታዎችን በገመድ ለማጠር የቀርከሃ ዘንግ ስንተክል ነበር። አንዱ በረዶውን በድሪል ይበሳል፣ እኔ እተክላለሁ፣ ሌላው ገመዱን ያስራል። ሰው ስለ መክፈቻ ቀን ሲያስብ ተራራው ሙሉ ለሙሉ ነጭ ሆኖ ይታየዋል። በዚህ ሰሞን ያለው በረዶ ግን አብዛኛው ማሽን የሠራው ነው። ማሽኖቹ ለመሥራት ብርድ ይፈልጋሉ፣ የአየሩም ድርቀት ወሳኝ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ዜሮ ዲግሪ ላይም ይሠራሉ፤ እርጥበት ካለው ግን ከዜሮ በታች ወረድ ማለት አለበት። ስለዚህ በመክፈቻው ቀን የሚኖረን አንድ ጠባብ ነጭ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ድንጋይና ጉቶ። ጀማሪውም፣ እንደ ጥይት የሚወርደውም፣ ሁሉም እዚያችው መንገድ ላይ ነው የሚገናኘው። እኔን ከብርዱ በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ድንጋይ አገኘን። ከላይ ስስ በረዶ ለብሷል። ከሩቅ ሲያዩት ለስላሳ ጉብታ ነው፣ ልጆች ሊዘሉበት የሚወዱት ዓይነት። በጓንቴ ጠረግ ሳደርገው ጥቁር ስለታም ጠርዙ ብቅ አለ። አራት ቀርከሃ ተከልንበት፣ ገመድ አዞርንበት። ለአንድ ድንጋይ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። አልቆጨኝም።

ከሰዓት በኋላ የቃሬዛ ልምምድ ነበር። ልጽፍ የተነሳሁትም ስለ እሱ ነው።

ቃሬዛችን እንደ ጀልባ ጎድጎድ ያለ ነው። ከፊቱ ሁለት ረጃጅም እጀታዎች አሉት፤ አንድ ሰው በመሐላቸው ሆኖ በስኪው እየተንሸራተተ ይዞት ይወርዳል። ቁልቁለቱ ሲበረታ ሌላ ሰው ከኋላ ገመድ ይዞ ይከተላል። ከፊት ከሥሩ የሚለቀቅ ሰንሰለት አለ፣ በረዶውን እየቧጠጠ ፍሬን ይሆናል። ሁላችንም መጎተቱን እንለማመዳለን። ሁላችንም ደግሞ በየተራ እንደ ተጎጂ እንተኛበታለን።

ዛሬ ተራው የኔ ነበር። በብርድ ልብስ ጠቀለሉኝ፣ ቀበቶዎቹን አጠበቁ። እጄን እንኳ ማውጣት አልቻልኩም። የሚታየኝ ሰማይና የጎታቹ ጀርባ ብቻ ነው። ጉዞው ሲጀመር የበረዶ ብናኝ ፊቴ ላይ ይረጫል፤ መጥረግ አልችልም። ሰንሰለቱ ሲለቀቅ ድምፁ በጀርባዬ ገባ። ፍሬን መሆኑን እያወቅኩም ልቤ ደነገጠ። አጥንቱ የተሰበረና ሰንሰለት መኖሩን የማያውቅ ሰው ምን ሊሰማው እንደሚችል አሰብኩ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ጉልበቷን ተጎድታ አውርጃት ነበር። መሐል ላይ አንድ ቀበቶ ስለላላ ቆመን አስተካከልነው። ለሥራችን አንድ ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው። ታች ስንደርስ ግን እጄን ይዛ «ለምን ቆማችሁ? የሆነ ነገር የተበላሸ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ምንም አልነገርኳትም ነበር። ደጋግሜ «አይዞሽ» ብያታለሁ፤ እሱ የሚበቃ መስሎኝ። ያ ጥያቄ ክረምትና በጋ አብሮኝ ከረመ።

ከሁላችንም በላይ ዓመታት ያገለገሉት አንጋፋ ባልደረባችን ይህን ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «አይዞሽ ማለቱ ጥሩ ነው፤ ግን የሚሆነውን ቀድመሽ ንገሪያት። አሁን ወደ ግራ እንታጠፋለን፣ አሁን ትንሽ ይንገጫገጫል፣ አሁን የምትሰሚው ሰንሰለቱ ነው በያት» አሉኝ። ከዚያ ስለ ቻርልስ ማይኖት ዶል አጫወቱኝ። በ1936 አሜሪካ ውስጥ ቬርሞንት፣ ስቶ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ በረዶ ላይ ተኝቶ እርዳታ ሲጠብቅ ቆየ። ቃሬዛ አልነበረም፤ ጓደኞቹ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ላይ አድርገው ነው ያወረዱት። በዚያው ዓመት ጓደኛው ፍራንክ ኤድሰን በስኪ ውድድር ላይ ተጎድቶ ሞተ። ዶል በ1938 የአሜሪካ ብሔራዊ የስኪ ፓትሮልን መሠረተ። ዛሬ በአገሩ ተራሮች ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ አባላቱ እንደኔ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እኔ ታሪኩን ስሰማ ዓይኔ ላይ የቀረው ቆርቆሮው ነው። ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ቀን እዚያ ላይ ተኝቶ ሰማይ ሰማይ ያየ ሰው ነው።

ከኔ በኋላ ዘንድሮ የተቀላቀለችን ልጅ ተኛች፤ ጎታቿ እኔ ሆንኩ። ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ከመነሳታችን በፊት የምንወርድበትን መንገድ ነገርኳት። «አሁን ጀመርን» «አሁን ሰንሰለቱን ልለቅ ነው» «ቀኝ ልታጠፍ ነው» እያልኩ ወረድኩ። በስኪ እየወረዱ ወደ ኋላ መናገር ቀላል አይደለም፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ነፋሱም ቃሉን ይወስደዋል። ቢሆንም አላቋረጥኩም መስሎኛል።

ታች ደርሰን ስፈታት ደስ ብሏት ነበር። «እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ጥሩ ነበር» አለች። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ድንጋዩ ያለበት መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ግን ድምፅሽ ጠፋብኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እዚያ ጋ ዓይኔም ሐሳቤም ገመዱ ላይ ነበር፤ ቀርከሃዎቹ መቆማቸውን እያየሁ ዝም ብያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሌሎቹ ቀድመን እንድንገናኝና ያችን መታጠፊያ ብቻ ደጋግመን እንድንሠራት ጠየቅኳት። እሺ ብላኛለች።