«አንቱ» ወይስ «አንቺ»?
የድሬዳዋ ፀሐይ ሳትከር፣ ጠዋት በረንዳ ላይ የአራት ዓመቷን ልጄን ሀሁ አስጠናታለሁ። ዛሬ ሰባት የሽምብራ ቆሎ ደረደርን፤ ለግዕዝ፣ ለካዕብ፣ ለሣልስ እያልን አንድ አንድ። ራብዕ ላይ ስንደርስ ግን ፍሬዋ የለችም። አፏን ስከፍተው... ወይ ጉድ!

በመሃል ጎረቤታችን እማማ መጡ። ልጄ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችና «እንደምን አደሩ?» አለቻቸው። ኩራቴን እንኳ ሳልጨርስ እማማ ሳቁ፦ «አንቺ በይኝ! አንቱ ስትዪኝ እኮ የማታውቂኝ ይመስለኛል።»

ከጎጃም መጥቼ እዚህ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ስኖር 6 ዓመቴ ነው። ድሬ ትልቁም ትንሹም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው፤ ንቀት የለበትም፣ መቀራረብ ነው። የእኔ ምላስ ግን እስካሁን እምቢ ብሏል።

ማታ አባታችን ሆይ ብለን ስንጨርስ ልጄ በራሷ ጨመረች፦ «እግዚአብሔር ሆይ፣ እማማን ጠብቃቸው... አይ፣ ጠብቃት።»