እማዬና ተራ መጠበቂያው ሳሎናችን

ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ እንደተፈታ፣ እማዬ ከደብረ ብርሃን መጣች። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ወጥታ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ አዲሱ ሶፋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አላወለቀችም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንደያዘች ግራ ቀኙን ቃኘች። ግራጫ ግድግዳ፣ ግራጫ ሶፋ፣ ነጭ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ላይ አራት ነጭ መብራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ተራችን መቼ ነው የሚደርሰው?» አለችኝ።

ባለቤቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያ ሳሎን የሁለት ዓመት ዕቁብ የበላ ሳሎን ነው። ሶፋው ራሱ በደረጃ አልገባ ብሎ አራት ጎረምሳ በገመድ ጎትቶ ነው በበረንዳ ያስገባው። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አይቷል።

ግን እውነቷን ነው። ሳሎኑ ያምራል፤ ሰው ግን አይቀመጥበትም። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ቀጥታ መኝታ ቤት ሄዶ ስልኩን ይዞ ይጋደማል። ትልቋ ልጄ የቤት ሥራዋን የምትሠራው አልጋ ላይ በደረቷ ተኝታ ነው። ትንሹ ኩሽና ውስጥ እግሬ ሥር ነው የሚውለው። ቡና ደግሞ በረንዳ ላይ፣ በውሃ በርሜሉና በልብስ ማስጫው መሃል፤ ምንጣፉ እንዳይቃጠል ተብሎ። ሳሎኑ የእንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ በወር አንዴ ቢመጣ ነው።

ያሳፈረኝ ሌላው ነገር እማዬ «ይሄ ቤት ይበርዳል» ማለቷ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ ወደ 400 ሜትር ከፍ ትላለች። የዚያ አገር ሰው በረደኝ ካለ ቀልድ አይደለም።

ቆይቶ ነው የገባኝ። የሳሎናችን መስኮት ወደ ደቡብ ነው የሚያየው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ እስከ ክፍሉ መሃል ትገባለች። በሰኔና በሐምሌ ግን ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ነው የምታዘነብለው፤ እኛ ጋ ድርሽ አትልም። ግራጫውን ቀለም የመረጥኩት በጥር ነበር። ፀሐይ ሲያርፍበት እንዴት እንደሚያምር! ሐምሌ ላይ ያው ቀለም እርጥብ ሲሚንቶ ሆነ። አሁን ቀለም ልንቀባ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ትንሽ ቆርቆሮ ቀለም ግዙና አንድ ትልቅ ካርቶን ቀቡ፣ ግድግዳውን አስደግፋችሁ ለሦስት ቀን ጠዋትም ማታም እዩት። ከተቻለ በክረምት።

እማዬ በመጣች በሦስተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኩሼ ብርጭቆ ውስጥ አቆምኩና የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ሻማ አልነበረንም። ስለዚህ ሁሉም ወጣ። ባለቤቴ ስልኩ ባትሪ ዘግቷል፤ ወጣ። ልጆቹ ጨለማ ፈርተው ወጡ። እማዬ በልጅነቷ በጎችን ጅብ የበላባቸውን ሌሊት ማውራት ጀመረች። ትንሹ አያቱ ጋቢ ውስጥ ገባ። ትልቋ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋች። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንዲህ ቆየን።

ከዚያ መብራት መጣ። አራቱ ነጭ አምፖሎች ቦግ! ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። እንደተያዘ ሌባ ተያየን። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሳሎኑ ባዶ ሆነ። ጅቡ እንኳ በጎቹን በልቶ አልጨረሰም ነበር።

በማግስቱ የአምፖሎቹን ካርቶን ፈልጌ አየሁት። 6500ኬ ይላል። ይሄ ቁጥር የብርሃኑ ቀለም ነው። ከፍ ሲል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ዝቅ ሲል ወደ ቢጫ። የሻማ 1900 ገደማ ነው፤ የድሮው ባለ ክር አምፖል 2700 አካባቢ። ሱቅ ሄጄ 3000 ያለውን ስጠይቅ ባለ ሱቁ «ነጩ ነው የሚያበራው፣ ቢጫው ይደብራል» ብሎ ተከራከረኝ። ቁጥሩ ኃይሉን አይደለም የሚናገረው፤ እኩል ዋት ያላቸው ነጭና ቢጫ አምፖሎች ብርሃናቸው ያን ያህል አይበላለጥም። ሦስት ቢጫ ገዛሁ። ኮርኒሱ ላይ ሁለቱን ነጭ እንዳሉ ተውኳቸው፤ ምስር ለመልቀምና ለቤት ሥራ ያስፈልጋሉ። ማታ ማታ ግን አይበሩም።

ዋናው ነገር ቀለሙ ብቻም አልነበረም። ሻማው ዝቅ ብሎ ነበር የተቀመጠው። ከላይ የሚወርድ ብርሃን የሰው ፊት ላይ ጥላ ይጥላል፣ ሁሉም የደከመው ይመስላል። ከጎን የሚመጣው ግን ፊትን ያሳምራል። ስለዚህ አንዱን አምፖል ወደ ታች አወረድኩት። እማዬ ያመጣችልኝ አሮጌ መሶብ ክዳኑ ተሰንጥቆ ነበር። አናቱን ክፍት አድርጌ፣ ገመድ አስገብቼ፣ ከሶፋው ጎን ካለው ትንሽ ጠረጴዛ በላይ አንጠለጠልኩት። በስንደዶው መሃል የሚያልፈው ብርሃን ግድግዳው ላይ ክብ ክብ ጥላ ይሠራል። ኤልኢዲ አምፖል ብቻ ነው ታዲያ የሚገባበት፤ የድሮው ባለ ክር ይግላል፣ ሳር ነውና ያነደዋል።

ጂፕሰሙ ውስጥ ዙሪያውን የተቀበረውን ሰማያዊ ስትሪፕ መብራት በተመለከተ ምንም አልልም። ነቅዬዋለሁ። ባለቤቴ አሁንም ቅር ይለዋል።

ሶፋውን ለማንቀሳቀስ ስንል ደግሞ ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። ኤል ሼፕ የምንለው ሶፋ ሁለት ነው ለካ! ከሥሩ በሁለት የብረት መንጠቆ ነው የተያያዘው። ብድግ ሲደረግ ይለያያል። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ነው ብለን በገመድ ጎትተን… ይቅር፣ አላነሳውም። ለያየነውና ፊት ለፊት አደረግነው። ቴሌቪዥኑ ከመሃል ወደ ጥግ ሄደ። መጀመሪያ ኳስ በሚታይበት ቀን ኩርፊያ ነበር። አሁን ትንሽ አንገት ማዞር ነው። ሶፋ ሁሉ ወደ ቴሌቪዥን ሲያይ ግን ሰው ጎን ለጎን ነው የሚቀመጠው፣ ታክሲ ውስጥ እንዳለ። ጎን ለጎን ሆኖ ጅብ በግ በላ ብሎ ማውራት አይመችም።

ጎረቤቴ አረብያን መጅሊስ አድርጋ ቤቷ እንዴት እንደሚያምር! እኔም አስቤ ነበር። ግን ወለል ላይ ነው የሚቀመጡት፣ የእማዬ ጉልበት ደግሞ አንዴ ከተቀመጠ በሰው እርዳታ ነው የሚነሳው። ተውኩት።

ዋናው የቡናው ነገር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ምንጣፋችን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነበር የተነጠፈው። ረከቦቱን ማስቀመጫ የለም፣ ለዚህ ነው ቡና በረንዳ የተሰደደው። እማዬ አየችና፣ «ምንጣፉን ሰብሰብ ብታደርጊውስ?» አለች። እንዲህ ቀላል። ከመስኮቱ በኩል አንድ ሜትር ያህል ቆርጠን አነሳነው፣ ሴራሚኩ ባዶውን ወጣ። አሁን ያ ቦታ የቡና ነው። ሌላ ምንም አይቀመጥበትም፤ የልጆች ቦርሳም፣ የታጠበ ልብስም። ረከቦቱ ሁልጊዜ እዚያው ነው፣ ሲኒዎቹ ተደፍተው። ሁለት የጅማ በርጩማ አጠገቡ አለ፤ ሦስት እግር ያላቸው፣ ከአንድ እንጨት የተፈለፈሉ፣ መቀመጫቸው ጎድጎድ ያለ። አንዱን ትንሹ ልጄ ፈረስ አድርጎታል።

የሚገርመው፣ ቡና በማይፈላበት ሰዓትም ሰው እዚያ መሰብሰብ ጀመረ። ትልቋ ልጄ ደብተሯን ይዛ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች። ባለቤቴ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይበላል። እኔ ሽንኩርት ወደዚያ ይዤ መጥቼ እልጣለሁ። በቤታችን ከጠረጴዛው ይልቅ ረከቦቱ ነው ሰው የሚጠራው።

ስለ ከሰሉ ከእማዬ ጋር ተጣልተናል። ቡናው ካለቀ በኋላ ምድጃውን ቤት ውስጥ እንተወው፣ ያሞቀናል ትላለች። በዚያ በነሐሴ ብርድ ያጓጓል። ግን የከሰል ጭስ ባይታይም ከፍሙ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ሳይነቃ ይቀራል። ሳር ቤት በየቦታው ቀዳዳ አለው፤ የእኛ አሉሚኒየም መስኮት ጥርቅም ነው። ስለዚህ ሲፈላም መስኮቱ ገርበብ ይላል፣ ሲያልቅ ምድጃው ወደ በረንዳ ይወጣል። «ልጄ ፈሪ ናት» ብላ ለጎረቤት ነግራብኛለች። ይሁን።

ለሙቀቱ የሠራልን ሌላ ነገር ነው፤ አጎዛ። እማዬ በሁለተኛው ጉዞዋ ሁለት የበግ አጎዛ ይዛ መጣች። እኔ ተሳቀቅኩ። ሰው ምን ይላል? አንዱን ሶፋው ላይ፣ አንዱን የቡናው ቦታ ጠርዝ ላይ አነጠፍኩት። መጀመሪያ የበግ ሽታ ነበረው። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጥቼ፣ በዱላ አራግፌ፣ ሽታው ለቀቀ። አሁን ሶፋው ላይ ሰው ሁሉ የሚሻማው ያችን ቦታ ነው። የመንዝ ባና ደግሞ የሶፋው መደገፊያ ላይ ጣል አድርጌያለሁ፤ ይኮሰኩሳል፣ ግን ሲለብሱት ነው ዋጋው የሚታወቀው።

ግድግዳው ቀረ። ድሮ ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ ባህላዊ ቤት ገብቼ ነበር። አምስት መደብ ከፍና ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት በስፌት። ገብተህ ስትቀመጥ ቤቱ ራሱ የሚያቅፍህ ይመስላል። እኔ ያን ያህል የለኝም። ስድስት ሰፌድ አለኝ፣ አራቱ የእማዬ እጅ ሥራ ናቸው። አንዱ ጠርዙ ላይ አክርማው ቀይ ሆኖ ይጀምርና መሃል ላይ በድንገት አረንጓዴ ይሆናል። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ «ቀዩ አለቀብኝ» አለች። ያንን መሃል ላይ ሰቀልኩት።

መስቀሉ ራሱ ታሪክ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ። ምስማር ስትመታ ልስኑ ይረግፍና ምስማሩ ይወላልቃል። ሁለት ሰፌድ በሌሊት ወድቆ አስደንግጦናል። መጨረሻ ላይ ትራፓኖ ተውሰን፣ በስተን፣ ፊሸር አስገብተን ነው የያዘልን። ስፌቶቹ ከተሰቀሉና ምንጣፉ ላይ አጎዛው ከተደረበ በኋላ የክፍሉ ድምፅም ተለወጠ። ድሮ ማንኪያ ሲወድቅ ያስተጋባ ነበር። ሴራሚክና ባዶ ግድግዳ ድምፅ ይመልሳሉ፤ ሳርና ሱፍ ይውጡታል። ልጆቹ የሚጮሁት ያው ነው፣ ጩኸታቸው ግን ጭንቅላት አይበሳም።

አንዱን ግድግዳ ብቻ ቀለም ቀየርኩት። ሻጩ ቢዥ ይለዋል። እማዬ አብሽ ትለዋለች። አብሽ ነው የሚመስለው።

የፕላስቲክ አበባዎቹን ለማን እንደሰጠሁ አልናገርም፤ ታነብ ይሆናል።

ምንጣፉ ላይ አሁን የሃያ አምስት ሳንቲም የምታህል ጥቁር ጠባሳ አለች። በመስቀል ማግስት ፍም ተፈናጥሮ ነው። ስምንት ወር ሙሉ በረንዳ ላይ ቡና ያፈላሁት ለዚያች ጠባሳ ስል ነበር። እንግዳ ሲመጣ ትልቋ ልጄ ሳልነግራት በርጩማዋን ጎተት አድርጋ ትሸፍናታለች።

እማዬ ለጥምቀት እንደገና መጣች። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ እስከ ሶፋው ደርሳ ነበር። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ነጠላዋን አጥፋ መደገፊያው ላይ ጣለችው። አጎዛው ላይ ቁጭ ብላ አቦሉን ጠጣች፣ ቶናውንም ጠጣች፣ ማኅበርተኞቿንም አማች። ከዚያ ንግግሯ መሃል ላይ ቆመ። ቀና ብዬ ሳይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ እያንኮራፋች ነው። ትንሹ ሄዶ ባናውን እስከ አገጯ አለበሳት። ቴሌቪዥኑን ቀነስነውና በረካውን ያለ እሷ ጠጣን።