«ሲሊ» ድሮ ስድብ አልነበረም

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን ስለ አንድ የቤተሰባቸው ሰው በእንግሊዝኛ አንድ አንቀጽ ጽፋችሁ ኑ ብያቸው ነበር። ደብተሮቹን ይዤ ፒያሳ አንድ ካፌ ገባሁና ማኪያቶ አዝዤ ማረም ጀመርኩ። አንዷ ስለ አያቷ ጽፋለች። ደቃቅ፣ የተጠነቀቀችበት ጽሕፈት። ሁለተኛው መስመር ላይ «ማይ ግራንድማዘር ኢዝ ኤ ሲሊ ውማን» ይላል። አያቴ ቂል ሴት ናቸው ማለት ነው። በቀይ ሰረዝኩት።

በማግስቱ ለብቻዋ ጠርቼ ለምን እንደዚያ እንዳለቻቸው ጠየቅኳት። ደነገጠች። «ኧረ ቲቸር፣ የዋህ ናቸው ለማለት ነው!» አለችኝ። ታላቅ ወንድሟን «የዋህ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃው እሱ ነው «ሲሊ» ያላት። እሷ የዋህ ስትል ደግ፣ ቂም የማይዙ፣ ክፉ የማይወጣቸው ማለቷ ነው። ወንድሟ ደግሞ የዋህ ሲባል የሚሰማው ሞኝ ነው። በአንድ ቤት፣ በአንድ ገበታ የሚበሉ ሁለት ልጆች ናቸው እንግዲህ።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ምክንያቱም የ«ሲሊ» ታሪክ ልክ ይሄው ነው።

ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ደስታንና መልካም ጊዜን ከሚገልጽ ስም የወጣ ነው። መጀመሪያ ሲነገር ደስተኛ፣ ዕድለኛ፣ የተባረከ ሰው ማለት ነበር። የጀርመንኛ ዘመዱ «ዜሊግ» እስከ ዛሬ ብፁዕ ማለት ነው፤ የተራራው ስብከት ላይ «የዋሆች ብፁዓን ናቸው» የሚለውን ጀርመኖቹ ሲያነቡ «ብፁዓን» የሚለው ቦታ ላይ ያለው ቃል እሱ ነው። እስቲ ልብ በሉ። የእንግሊዝኛው ወንድሙ ስድብ ሆኖ ቀርቷል፣ የጀርመንኛው ግን አሁንም ወንጌል ላይ ተቀምጧል።

ታዲያ ከብፁዕ ተነስቶ ቂል ላይ እንዴት ደረሰ? በአንድ ቀን አይደለም። ጎንደር ያደገ ሰው የመጻሕፍት ትርጓሜ ሲሰማ «አንድም» የምትለዋን ቃል ያውቃታል፤ መምህሩ አንዱን ቃል ይፈታና፣ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል። «ሲሊ»ን እንደዚያ ብንፈታው አንድም ብፁዕ፣ አንድም ንጹሕ፣ አንድም ምስኪን፣ አንድም ደካማ፣ አንድም ቂል ይሆናል። ልዩነቱ፣ በትርጓሜ ቤት ፍቺዎቹ አንዱ ሌላውን ሳይሽር አብረው ይኖራሉ፤ «ሲሊ» ላይ ግን የኋለኛው የፊተኛውን እየገፋ አስወጣው።

እያንዳንዷ እርምጃ ትንሽ ናት። የተባረከ ሰው ክፋት የለበትም ተባለ። ክፋት የሌለበት ሰው ማንንም አይጎዳም። የማይጎዳ ሰው ሲጎዱት አይመልስም፣ ስለዚህ ያሳዝናል። የሚያሳዝን ሰው አቅመ ቢስ ነው። ከዚያ በኋላ አቅም ያጣው ጉልበቱ ብቻ አይደለም፣ ጭንቅላቱም ነው የሚለው ላይ ለመድረስ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የቀረው። ያኔ ቃሉ «ሴሊ» ነበር የሚባለው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ገጣሚ ቾሰር፣ ወጣት ሚስቱና ተከራዩ ተስማምተው የሚያታልሉትን አንድ አናጢ በዚህ ቃል ይጠራዋል። ምስኪኑ አናጢ ይሁን ሞኙ አናጢ፣ ሁለቱም ያስኬዳል። ቃሉ መንገድ ላይ ነበር። ቂል የሚለው ትርጉም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1570ዎቹ ጀምሮ በግልጽ ይታያል።

አሮጌው ትርጉም ግን ወዲያው አልሞተም። ሼክስፒር አንድ ተውኔቱ ውስጥ፣ ጫካ ያሉ ሽፍቶች አለቃችን ሁን ብለው የሚለምኑት ሰው አለ። እሺ ይላቸዋል፣ ግን «ሲሊ» ሴቶችንና ድሃ መንገደኞችን እንዳትነኩ ይላል። እዚህ ላይ ቂል ሴቶች ብሎ የሚተረጉም ይሳሳታል፤ የሚከላከልላቸው የሌላቸውን ነው የሚለው። የሽፍታ ወግ እየሰማ ላደገ ለእኛ አገር ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ርግቧ ናት። በ1611 የታተመው የእንግሊዞቹ መጽሐፍ ቅዱስ ትንቢተ ሆሴዕ ላይ ኤፍሬምን «ሲሊ» ርግብ ይለዋል፤ ልብ የሌላት፣ የምትታለል ማለቱ ነው። የማቴዎስ ወንጌል ደግሞ በአማርኛ «እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» ይለናል። ያችው ወፍ ናት፤ አንድ ቦታ መታለሏ ያስወቅሳታል፣ ሌላ ቦታ እንደ እሷ ሁኑ እንባላለን።

(ይሄን ካነሳሁ አይቀር፣ «ሰነፍ» የሚለውንም አስቡት። መዝሙረ ዳዊት «ሰነፍ በልቡ፦ አምላክ የለም ይላል» ሲል ሥራ የማይወድ ማለቱ አይደለም፤ ማስተዋል የጎደለው ማለቱ ነው። ዛሬ ሰነፍ የምንለው የቤት ሥራ የማይሠራውን ነው።)

እንግሊዝኛ ብቻውን አይደለም። ፈረንሳይኛም «ቤኔ» የሚል ቃል አለው፤ ቂላቂል ማለት ነው። ሥሩን ብትፈልጉት ከላቲን ነው የመጣው፣ ቡሩክ ከሚለው። እና እንዲህ ዓይነቱ ነገር አገር ለአገር ሲደጋገም ሳይ ጥፋቱን ቃሉ ላይ ማላከክ ያቅተኛል። ሰው ደግ ሰውን ሲያይ ምን ያስባል? ጥያቄው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት የምገዛት አንዲት እናት አሉ። መዝነው ከጨረሱ በኋላ በእጃቸው ዘግነው ይጨምራሉ። ሁልጊዜ። ምርቃት እንላለን ይሄንን፣ ምርቃት ማለት ቡራኬም እንደሆነ ብዙም ሳናስብ። አንድ ቀን ሁለት ራስ ሽንኩርት ከፌስታሌ አፍ ተንከባሎ ወደቀና አጎንብሰው አንስተው፣ በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠርገው መለሱልኝ፣ ሦስተኛ ጨምረው። አጠገባቸው ያለው ጎረምሳ ነጋዴ ሳቀ። «የዋህ ናቸው እኮ፤ በዚህ ዓይነት መቼም አያልፍላቸውም» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አልፈረድኩበትም፤ እሱም ኑሮ አለበት። ግን ያ ሳቅ «ሲሊ»ን ከብፁዕነት ያወረደው ሳቅ ነው። አሁን የዋህን እያወረደ ነው። «የዋህ አትሁን» ስንት ጊዜ ተብላችኋል? እኔ ለራሴ ልጅ ብያለሁ። ነቄ ካልሆንክ ትበላለህ ብለን እናሳድጋለን፣ ከዚያ የዋህ የሚለው ቃል ያሳፍራቸዋል።

ቃል ይለወጣል፤ አይለወጥ ብዬ የምሟገት ሰው አይደለሁም። የዋህ ሲሄድብን ግን ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም በቦታው የምናስቀምጠው የለንም። ገራገርም ቢሆን መንገድ ጀምሯል። ደግ ስንል የሚሰጠውን ነው፤ የዋህ ግን ባይሰጥም ክፋት የማያስብ ነው። እንግሊዝኛ እንኳን «ሲሊ»ን ሲያጣ ብፁዕ የሚለው «ብሌስድ» ቀርቶለት ነበር።

ልጅቷን ወደ ክፍል ስትመለስ አንድ ነገር ነገርኳት። ከ600 ዓመት በፊት ብትጽፊው ኖሮ አልሰርዘውም ነበር አልኳት። ዓይኗ በራ። «ጄንትል»፣ ገርና የዋህ ለማለት፣ ብላ አስተካክላ ጻፈችና፣ ማታ አንቀጹን ለአያቷ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። ትናንት መጥታ ምን እንዳሉ ነገረችኝ።

«የዋህስ አትበይኝ ልጄ፤ እሱ ለጌታ ነው። ደግ ናት ብለሽ ጻፊው።»