በፔንሲልቬንያ መንገድ 30፦ የድሮ አልጋ ልብስን ከስፌቱ ማንበብ

ከዋሽንግተን አካባቢ ተነስቶ ያረጀ የእጅ ሽመና አልጋ ልብስ ማየት ለሚፈልግ ሰው የሚቀርበው የፔንሲልቬንያ ተራራ መንገድ ነው። በአውራ ጎዳና 270 ወደ ፍሬድሪክ፣ በአውራ ጎዳና 70 እስከ ብሪዝውድ፣ ከዚያ በመንገድ 30 ወደ ቤድፎርድ። ከትራፊኩ ቀድሞ ለወጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከብሪዝውድ የክፍያ መንገዱን መያዝም ይቻላል፤ እኔ ግን 30ን እመርጣለሁ። የአንቲክ ሱቆቹ በእሱ ዳር ናቸው፤ ሱቅ ውስጥ ደግሞ አስፈቅዶ ጨርቁን አገላብጦ ማየት ይቻላል።

የአሜሪካ ከቨርሌት (እንዲህ ያለው የእጅ ሽመና አልጋ ልብስ) ብሔራዊ ሙዚየም በ2006 የተከፈተው እዚሁ ቤድፎርድ፣ በ1859 ለትምህርት ቤት በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ነው። አሁን ክፍት መሆኑንና ሰዓቱን በስልክ ሳያጣሩ አይሂዱ። ለጀማሪ ከሱቆቹ በፊት ሙዚየሙን ማየት ይሻላል፤ የሽመናውን ዓይነቶች ጎን ለጎን ያየ ዓይን ሱቅ ውስጥ በቀላሉ አይታለልም።

እነዚህ አልጋ ልብሶች በብዛት የተሸመኑት ከ1800 እስከ 1860 ገደማ በኒው ዮርክ፣ በፔንሲልቬንያ፣ በኦሃዮና በኢንዲያና ነው። አብዛኛውን ጊዜ ድሩ ቀለም ያልነካው ጥጥ፣ ጌጡን የሚያወጣው ማግ ደግሞ የተነከረ ሱፍ ነው። እንዲህ የተከፈለው ለውበት ብቻ አይደለም። ሱፍ ቀለም ይጠጣል፤ ጥጥ በገጠር ቤት በሚዘጋጅ ቀለም በቀላሉ አይነከርም። ሲወጠር ግን ከሱፍ ይልቅ ይጸናል፤ ለድር የሚፈለገውም ይኸው ነው። በ1790 በሮድ አይላንድ ፖታኬት ጥጥ በውኃ ኃይል መፈተል ከተጀመረ በኋላ የፋብሪካ ፈትል እየረከሰ ሄደ። ደንበኛዋ የበጎቿን ሱፍ ፈትላ ታመጣለች፣ ሸማኔው ጥጡን ከራሱ ይጨምራል።

እኔ መጀመሪያ የማየው መሃሉን ነው። መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው የሚቀልብ ሸማኔ ክንዱ ከሚደርስበት በላይ ሰፊ ጨርቅ አይወጣለትም፤ 90 ወይም 100 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ሁለት ክፋይ ተሸምኖ መሃል ላይ ይሰፋል። ጋቢ ሲሰፋ ላየ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። እዚህ ግን የግራው አበባ ከቀኙ አበባ ጋር መግጠም አለበት፤ ያን ደግሞ መርፌ አያመጣውም፣ የሽመና እቃው ላይ ሳለ ካልተስተካከለ አይስተካከልም።

ከቤድፎርድ ወደ ምዕራብ አንድ ሱቅ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ሰማያዊና ነጭ አልጋ ልብስ ነበር። በላይኛው ጫፍ ክቦቹ ልክ ገጥመዋል። ወደ ታች ሲወረድ ጥቂት በጥቂት ይሸሻሉ፤ ግርጌው ላይ ሁለት ጣት ያህል ተዛንፈዋል። ሸማኔው ሁለተኛውን ክፋይ ጠበቅ አድርጎ መትቶታል ማለት ነው። ከ50 ማግ አንድ ማግ የሚያህል ልዩነት በ2 ሜትር ርዝመት ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ያሳጥራል። ሰፊዋ አጭሩን ክፋይ ስባ ልታደርሰው ሞክራለች፤ ከስፌቱ ዳር ጨርቁ ተጨማዶ የቀረው ለዚህ ነው። ሻጩ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ዋጋውን ዝቅ አድርጎታል። እኔ ብሆን ከፍ አደርገው ነበር፤ እንዲህ ያለ መዛነፍ የእጅ ምት ካልሆነ ከየትም አይመጣም።

ስፌት የሌለው ሁሉ የፋብሪካ ነው ማለት ግን አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ኬይ በ1733 ያወጣው በገመድ እየተሳበ የሚወረወር መወርወሪያ ሰፊ ጨርቅንም በእጅ ለመሸመን አስችሏል። በሌላ በኩል 1776 እና 1876 ተብሎ የተጻፈባቸው፣ የፊላደልፊያው ኤግዚቢሽን አዳራሽ መሃላቸው ላይ የሚታይ፣ ስፌት አልባ አልጋ ልብሶች በየሱቁ ያጋጥማሉ። እነዚህ የአሜሪካ ነጻነት መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ሸቀጦች ናቸው፤ ከቀደሙት ጋር አንድ ዋጋ ሲጠየቅባቸው ዝም አይበሉ።

ቀጥሎ ጣትን ማሳለፍ ነው። ሱፉ ብዙ ድር እየዘለለ ከጨርቁ በላይ ተነስቶ ከተሰማ ኦቨርሾት የሚሉት ነው፤ ድሩን በአራት መደብ በሚያነሳ ቀላል እቃ፣ ብዙ ጊዜ እቤት ውስጥ ይሸመን ነበር። አንድ ማግ ሱፍ ይገባል፣ ከዚያ አንድ ቀጭን ማግ ጥጥ። ጥጧ ከተረሳች የሱፉ ማጎች እርስ በርስ ይደራረባሉ፣ ክቡም ይጨፈለቃል። የድሩ አገባብ በጠባብና ረጅም ወረቀት ላይ በቁጥር ወይም በጭረት ይጻፋል። ጎረቤት ከጎረቤት እየተዋሰ ይገለብጠዋል፤ በመገልበጥ አንድ ጭረት ከቀረች ስሕተቷ በየአበባው ትደጋገማለች። ስሞቹ ደስ ይላሉ፦ የሠረገላ ጎማ፣ የቀንድ አውጣ ዱካና የድመት መዳፍ።

ጨርቁ ከከበደ፣ ቆንጥጠው ሲስቡት ደግሞ ሁለት ቦታ ከተለያየ፣ ድርብ ሽመና ነው። ጥጡና ሱፉ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ጨርቆች ሆነው አበባው በሚለወጥበት መስመር ላይ ብቻ ቦታ ይለዋወጣሉ። በአንዱ ንብርብር በሴንቲ ሜትር 10 ድር ቢገባ 95 ሴንቲ ሜትር ስፋት 950 ድር ይፈልጋል፣ ለሁለቱ 1,900። ይህ በሥራ መሃል የሚሠራ የጓዳ ሥራ ሳይሆን የባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያዎቹ በብዛት ከስኮትላንድ፣ ከአየርላንድ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን አገር የመጡ ወንዶች ነበሩ።

ከዚያ መንገዱ በአሌጌኒና በሎረል ሸንተረሮች ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጠዋት ጉም አለ፤ ቁልቁለቱ ላይ ከከባድ መኪና ኋላ ተጠግቶ መንዳት አያዋጣም። ሊጎኒየርን አልፎ ላትሮብ ሲደረስ የሴንት ቪንሰንት ኮሌጅ የማካርል የከቨርሌት ስብስብ አለ። ማዕዘናቸው ላይ ስምና ዓመት የተሸመነባቸውን ለመመልከት ወደዚያ ይኬዳል።

እነዚህ ዣካር በሚባል፣ በተበሳ ካርድ በሚታዘዝ የሽመና መሣሪያ የተሠሩ ናቸው። መሣሪያው በፈረንሳይ በ1804 ወጥቶ በ1820ዎቹ አሜሪካ ገባ። እያንዳንዱ የተበሳ ካርድ ለአንድ የመወርወሪያ ጉዞ የትኛው ድር እንደሚነሳ ያዛል፤ ቀዳዳ ባለበት ድሩ ይነሳል፣ በሌለበት ይቀራል። ስምና ዓመት ለመቀየር የማዕዘኑን ካርዶች ብቻ መለወጥ ይበቃል፤ የመሃሉ አበባ ለብዙ ደንበኛ ያገለግላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ማዕዘኑ ላይ የሴት ስም ሲያዩ «አያታችን የሸመነችው» ይላሉ፤ ስሙ ግን ብዙ ጊዜ ያሠራችው ደንበኛ ስም ነው። የሸማኔውን ማንነት ለማወቅ የዳሩን ጌጥና የማዕዘኑን ምልክት ከሌሎች ጋር ማመሳከር ይሻላል። የኒው ዮርኩ ሃሪ ታይለር ለምሳሌ በመጀመሪያ ማዕዘኑ ላይ አንበሳ ያደርግ ነበር፣ በኋላ በንስር ለወጠው። ለሐበሻ ዓይን አንበሳው ይበልጣል።

ቀለሙም ይመሰክራል። ሰማያዊው ኢንዲጎ የሚባለው የተክል ቀለም ነው፤ ክሩ ከቀለሙ ጋን ሲወጣ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ አየር ሲያገኘው ይሰማያል፣ ከሌሎቹም በላይ ዕድሜ አለው። አረንጓዴ በቢጫና በኢንዲጎ ሁለት ጊዜ ተነክሮ ስለሚገኝ ቢጫው ቀድሞ ይለቅና ወደ ሰማያዊ ያደላል። ጥቁርና ጥቁር ቡናማ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ በብረት ጨው የተያዘ ቀለም ነው፤ ብረቱ ሱፉን ይበላዋል፣ ሲነካ ይበናል። ለዚህ ጉዳት መፍትሔ የለውም፤ ዋጋው ቢረክስም ይተዉት።

ገዝቶ ለሚመለስ፣ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው። ሱፉ ይኮማተራል፣ ጥጡ ባለበት ይቀራል፣ ጨርቁም ይጨማደዳል፤ ቀይ ካለበት ነጩን ሊያቀላውም ይችላል። አቧራውን በወንፊት መረብ ላይ በቀስታ በቫኪዩም መምጠጥ ይበቃል። ብል ሱፉን በልቶ ጥጡን ስለሚተው፣ ኦቨርሾት ላይ አበባው ጠፍቶ ነጩ መደብ ደህና ሆኖ ሲገኝ ጥፋተኛው እሱ ነው። የተጠረጠረ ጨርቅ በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ አየሩ ተጨምቆ፣ በደንብ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሲወጣ ከረጢቱ ወዲያው አይከፈትም፤ ጨርቁ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ለአንድ ቀን ይተዋል። አለበለዚያ ጤዛው ከረጢቱ ላይ መሆኑ ቀርቶ ሱፉ ላይ ይቀመጣል።