ማሞግራም ላይ ህመሙን እንዴት እንዳቀለልኩት

ማሞግራም (የጡት ራጅ ምርመራ) ያማል ወይ ለምትሉ፣ አዎ ያማል፣ ምንም አይልም የሚሏችሁን አትስሟቸው፣ እኔን የሚያናድደኝ እንደውም እሱ ነው። አንዷ ትንሽ ጨመቀኝ እንጂ ምንም አላለኝም ብላ ትወጣለች ሌላዋ እንባዋ ዱብ ይላል፣ ሁለቱም አልዋሹም፣ ሰውነታችን ይለያያል። እኔ እንባቸው ከሚመጣው ነበርኩ፣ አሁን ግን ተሻሽሏል፣ ማሽኑ ያው ማሽን ነው፣ የተቀየረው እኔ የምዘጋጅበት መንገድ ነው።

ለምን እንደሚጫኑት ማወቄ ብዙ ረድቶኛል። ጡት ተደራርቦ ፎቶ ከተነሳ ትንሽ እጢ ከኋላ ልትደበቅ ትችላለች፣ ወይ ደሞ ምንም ሳይኖር መደራረቡ ራሱ እጢ መስሎ ይታያል፣ ስለዚህ ጡቱን የማሽኑ ሳህን ላይ አስቀምጠው ከላይ በሚወርድ ፕላስቲክ ተጭነው ያሳሱታል፣ ሲሳሳ ደግሞ የሚያስፈልገው ራዲዬሽን ያንሳል፣ ስለማይንቀሳቀስም ፎቶው አይደበዝዝም። ብዙ ጊዜ ከእያንዳንዱ ጡት 2 ፎቶ ነው የሚነሳው፣ አንዱ ከላይ ወደ ታች አንዱ በጎን ሰያፍ፣ በድምሩ 4 ማለት ነው፣ መጨመቁ ደሞ በእያንዳንዱ ለሰከንዶች ብቻ ነው። ምን እንደሚደረግባቸው አስቀድሞ በደንብ የተነገራቸው ሴቶች ህመሙ ቀለል እንደሚላቸው በጥናትም ታይቷል፣ እኔም ያመንኩት በራሴ ካየሁት በኋላ ነው።

ቀጠሮውን ደሞ ከፔሬዴ ጋር አይቼ ነው የምይዘው። ፔሬድ ሊመጣ ሲል ጡቴ ያብጣል፣ ልብስ ሲነካው እንኳን ያመኛል፣ በዛ ላይ ሄዶ ማስጨመቅ ራስን መቅጣት ነው፣ ስለዚህ ፔሬዴ ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት አደርገዋለሁ። (ይሄ ለመደበኛ ምርመራ ነው፣ እብጠት ነገር ያገኘሽ ሴት ቀን አትምረጪ፣ ቶሎ ሂጂ።) ፓራሲታሞል ቀድሜ ውጬም ሞክሬያለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ለውጥ አላየሁበትም። የዛን ቀን ዲዮዶራንት፣ ፓውደር፣ ቅባት አልነካም፣ ዲዮዶራንት ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ፎቶው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ የካልሲየም ክምችት (አንዳንዴ የካንሰር ምልክት የሚሆን) ሊመስል ይችላል፣ ያ ማለት ደሞ ድገሚ፣ እንደገና መጨመቅ።

እኔን የሚያሰቃየኝ ሁለተኛው ፎቶ ነው፣ የጎኑ ሰያፍ። ክንድሽን ከማሽኑ ጎን ታስደግፊያለሽ፣ የሳህኑ ጠርዝ ብብትሽ ስር ይገባል፣ ከዛ የማሽኑን መያዣ ብረት ያዢ ሲሉሽ ሳታውቂው ጭምድድ አርገሽ ነው የምትይዢው፣ ያኔ ከጡት ስር ያለው የደረት ጡንቻ ይወጠርና ፕላስቲኩ ሲወርድ ቆዳሽ ከአንገትሽ ጀምሮ የሚቀደድ ይመስልሻል። አንዷ ባለሙያ ናት የገላገለችኝ፣ ትከሻዬን በጣቷ ጫን አድርጋ "እህቴ ብረቱን አትጨብጪው፣ እጅሽን ጣል አርጊው፣ ትከሻሽም ይውረድ" አለችኝ፣ ከዛ ፕላስቲኩን ስታወርድ ቀስ ብዬ ትንፋሼን አወጣሁ። አመመኝ ግን በግማሽ ቀነሰ ብል አላጋነንኩም።

ሌላው መናገር ነው። ከሷ በፊት የገጠመችኝ ባለሙያ "ቻይው ቻይው አለቀ" ብቻ ነበር ቋንቋዋ። አሁን ገና ልብሴን ሳወልቅ ጡቴ ቶሎ እንደሚያመኝ እነግራታለሁ፣ ካቃተኝ በቃ እላለሁ ትለቂልኛለሽ ብዬም ቀድሜ እስማማለሁ። የማቆም መብት አለን! የሚገርመው ማቆም እንደምችል ካወቅኩ ወዲህ በቃ ብዬ አላውቅም። አንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ላይማ ሴቷ ራሷ ሪሞት ይዛ የመጨረሻውን መጫን እንድትቆጣጠር ይደረጋል፣ ካለ ጠይቁ። ጡታችሁ ውስጥ ኢምፕላንት (በኦፕሬሽን የገባ ሰው ሰራሽ ጡት) ካለ፣ የቆየ የኦፕሬሽን ጠባሳ ካለ፣ የምታጠቡም ከሆነ ሳይጀመር ተናገሩ፣ አያያዙ ይለያል።

ከዛ በኋላ አንድ ቀን ገደማ ይጠዘጥዘኛል፣ ለስላሳ ብረት የሌለው ጡት ማስያዣ ነው የማደርገው፣ በቃ ይጠፋል።

ፎቶው ከታየ በኋላ ለተጨማሪ ምርመራ ተመልሰሽ ነይ ከተባላችሁ ደሞ ልባችሁ አይውደቅ (የኔ ወድቆ ነበር)፣ ከሚጠሩት አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም። ያኔ አንዷን ቦታ ብቻ በትንሽ ፕላስቲክ ነው የሚጫኑት፣ ህመሙ አንድ ቦታ ላይ ይወጋል፣ ወይ ደግሞ አልትራሳውንድ ይጨምራሉ፣ እሱ መጨመቅ የለውም። ለዚህ ነው የድሮ ፎቶዎቼን በሲዲ ይዤ የምሄደው፣ ሐኪሙ ያየው ነገር ድሮም የነበረ ከሆነ አወዳድሮ ይተወዋል፣ እኔም ከአንድ ዙር መጨመቅ እተርፋለሁ።