ሀጂ የጠየቁኝና ቦሩ ሜዳ

ወሎ ውስጥ የሚሰብክ ሰው አድማጩን አይመርጥም። ደሴ ላይ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተጎራብተው ነው የሚኖሩት። ሞንታርቦ ደግሞ አጥር አያውቅም። ቅዳሴ አልቆ ማይክ ስይዝ ነጠላ ያጣፉት ከፊቴ ናቸው። ከአጥሩ ወዲያ ግን ሱቁን የሚከፍተው፣ ልብስ የምታሰጣው፣ ጀበና የጣደችው ሁሉ ይሰማኛል። ብዙዎቹ ሙስሊም ናቸው። የሥጋ ዘመዶቼም አሉበት። የወሎ ሰው ነኝና ይሄን እንደ ልዩ ነገር አላወራውም።

ለቅሶ ላይ ጭራሽ አጥርም የለም። ቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ ማለት ነው፣ የጋራ ነው። አስከሬን ሲሸከሙ ማን የማን ወገን እንደሆነ አይለይም። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ሙስሊሞቹ ከቅጥሩ ውጭ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ አብረን ወደ ድንኳኑ እንመለሳለን። ለኔ ፈተናው ያለው እዚያ ነው። ዐውደ ምሕረት ላይ የሚያቋርጠኝ የለም። ድንኳን ውስጥ ግን ሰው ይጠይቃል።

አንዴ አንድ ጎረቤታችን ሀጂ ጠየቁኝ። እርቅ ሲኖር የሚጠሩ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሽማግሌ ናቸው። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል።

"መምህር፣" አሉኝ፣ "ወለደ፣ ተወለደ ስትሉ ሁልጊዜ እሰማለሁ። እስቲ በሀቅ ንገረኝ። አላህ ሚስት አለው ነው የምትሉት?"

አንዳንዱ ደነገጠ። ክርክር የሚነሳ መሰለው። ሰውዬው ግን ለክርክር አልመጡም። ዕድሜ ልካቸውን ሲሰሙት የኖሩት ነገር ግራ ገብቷቸው ነው።

"የለውም ሀጂ፣" አልኳቸው። "እንደዚያ የሚል ካለ እኔም አወግዘዋለሁ። እኛ ሁለት ልደት ነው የምንለው። የመጀመሪያው ዓለም ሳይፈጠር ከአብ ነው፤ እናት የለበትም። ሁለተኛው ከድንግል ማርያም ነው፤ አባት የለበትም።"

"ሁለተኛውንማ እኛም እናውቀዋለን። ከቁርኣን ሱረቱ መርየምን ቀርተናል፣ አንብበናል" አሉ። "የመጀመሪያው ነው የከበደኝ።"

የአብነት ተማሪ ምሥጢረ ሥላሴን ሲማር የሚይዘው ነገር አለ። አብ ልብ፣ ወልድ ቃል፣ መንፈስ ቅዱስ እስትንፋስ። ቃል ከልብ ይወለዳል። ልብ ቃልን ስለወለደ አይከፈልም፤ በዕድሜም አይቀድመውም፤ ሚስትም አያሻውም። ይሄንኑ ነገርኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው አሰቡበት። ቁርኣንም ዒሳን የአላህ ቃል እንደሚለው አነሱልኝ። ግን ቃል ነው ማለት ልጅ ነው ማለት አይደለም አሉ።

በመጨረሻ "እኔ አልቀበለውም" አሉኝ። "እስከዛሬ የመሰለኝ ግን ሌላ ነበር።"

ከዚህ በላይ አልሄድንም። ለቅሶ ቤት ነው፤ መሄድም አልነበረብንም። የሟች እህት ግን ቡና ልታቀብለኝ ጎንበስ እንዳለች "እኔም ገና ዛሬ ሰማሁት" አለችኝ።

ከሀጂ ጥያቄ ይልቅ የከነከነኝ የሷ አባባል ነው። ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር ጸሎተ ሃይማኖት ይደርሳል። "ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ፣ ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ" ይባላል። የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ፣ በመለኮቱ ከአብ ጋር የሚተካከል ማለት ነው። ይህች ሴት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች። መጠየቅ ነውር እየመሰላት እዚህ ደረሰች። ሀጂ የኛ ይሉኝታ ስለሌለባቸው ጠየቁ፤ የሷም መልስ አብሮ መጣ።

ከዚያ ወዲህ በቦሩ ሜዳ ባለፍኩ ቁጥር ይሄ ጨዋታ ትዝ ይለኛል። ቦታው ከደሴ ወጣ ብሎ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ግን አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት፣ ስለ ክርስቶስ ልደት ያከራከሩት እዚያ ነው። በአንድ ወገን ሁለት ልደት የሚሉት ነበሩ፤ ተቃዋሚዎቻቸው ካሮች ይሏቸዋል። በሌላው ወገን ሦስት ልደት የሚሉት፣ ጸጎች የሚባሉት ነበሩ። ከአብና ከድንግል ልደት ሌላ በመንፈስ ቅዱስ የሆነ የጸጋ ልደት አለ ወይስ የለም ነው ነገሩ። መነሻው የ17ኛው መቶ ዘመን ክርክር ነው፤ ገዳም ከገዳም፣ ቤተ መንግሥት ከአውራጃ ሲያነታርክ የኖረ። ቦሩ ሜዳ ላይ ለሁለት ልደት ተፈረደ። መምህር አካለ ወልድም ቦሩ ሥላሴ ላይ ወንበር ዘርግተው አስተማሩ። ደሴ ውስጥ በስማቸው የተሰየመው ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሁሉ ስማቸውን ያውቃል፤ ምን እንዳስተማሩ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ድንኳን ውስጥ ለሀጂ ያልኳት ነገር እንግዲህ እዚያ የጸናችው ናት። ጉባኤ ቤት ሳለሁ የያዝኳት ለጸጎች መልስ እንድትሆን ነው። አንድ፣ ሁለት ብሎ ለመቁጠር፣ ሦስተኛውን ለመዝጋት። ጸጎች ደግሞ ዛሬ ደሴ ገበያ ላይ አይገኙም። ሀጂ ግን አሉ። "እናት የለበትም" የምትለው ቃል አላህ ሚስት አለው ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ቀጥተኛ መልስ ናት። ደርቃ የኖረች ትምህርት ጠያቂ ስታገኝ እንዴት ነፍስ እንደምትዘራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የሚያሳዝነው ከጉባኤው ጋር የመጣው ሌላው ነገር ነው። ለአንዲት የሃይማኖት ቃል ያን ያህል የተጨነቀ መንግሥት ለወሎ ሙስሊም የላከለት ማብራሪያ አይደለም፤ አዋጅ ነው። ተጠመቅ ተባለ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። ሸህ ጦልሃ አሻፈረኝ ብለው ተነሱ። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ የኖረም ብዙ ነው። እኔ ዛሬ ወሎ ላይ ስለ ጥምቀት ስሰብክ ይሄ ታሪክ ከኔ ቀድሞ ደርሷል። ሀጂ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ግን እሳቸውም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ። በአዋጅ የተነገረው ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? ጥያቄ በሌለበት ደግሞ ትምህርት የለም።

እንደኔ ቅኔ ቤት ያለፈ ሰባኪ ሌላም አመል አለበት። መደበቅ ይወዳል። ዋድላን የመሰለ የቅኔ አገር ወሎ ውስጥ ነው ያለው። እዚያ የሚመሰገነው ወርቁን ከሰሙ ሥር አሳምሮ የሰወረ ነው። ለቅኔ ይሁን፤ ደስም ይላል። ዐውደ ምሕረት ላይ ግን ግእዙን ደርድሮ፣ ሳይፈታ፣ እልል አስብሎ የሚወርድ ሰው ምን አስተማረ ይባላል? ሊቃውንቱ እንኳ እንዲህ አላደረጉም። አንድምታውን፣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ፣ ያነበበ ያውቃል። ግእዙን ያነቡታል፣ በአማርኛ ይፈቱታል፣ ከዚያ "አንድም" እያሉ ያመላልሱታል። አማርኛው የገበሬና የገበያ አማርኛ ነው። ጥልቁን ነገር ሲያወሩ ቋንቋቸው አይንጠባረርም።

የወሎ ምርቃትም ያው ነው። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ ያልገባህ ቃል አይወጣውም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሜን የሚለው ገብቶት ነው።

አሁን አሁን ወጣት ሰባክያኖቻችን የዩቲዩብ ሰባኪ ድምፅ ይቀዳሉ። ጩኸቱን፣ አንገት መስበሩን፣ "አልሰማችሁኝም!" ማለቱን ሳይቀር። አያቱ "አብሽር" እያለች ያሳደገችው ልጅ ማይክ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል። ይሄስ ይለፍ፤ ዕድሜ ያስተካክለዋል። የማልታገሠው በሌላው እምነት ላይ የሚወረወረውን ቀልድ ነው። ቅጥሩ ውስጥ ሳቅ ያመጣል። ከቅጥሩ ውጭ ሳቁን የሚሰማው ሰው ግን ነገ አስከሬናችንን የሚሸከመው ነው።

እኔ ስብከት ሳዘጋጅ ሀጂን ከፊቴ አስቀምጣቸዋለሁ። ትምህርቱን ለማለሳለስ አይደለም። ክርስቶስ አምላክ ነው እላለሁ። ተሰቀለ፣ ሞተ፣ ተነሣ እላለሁ። ሀጂ ይሄን እንደማይቀበሉ አውቃለሁ። ግን የማይቀበሉት እኔ ያልኩትን ይሁን፤ ያልኩ የመሰላቸውን አይሁን።

ይሄን ለአንድ ዲያቆን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

"ታዲያ መምህር፣ ለእስላም ነው እንዴ የምንሰብከው?"

"ለምእመኑ ነው። ግን እስቲ በሴቶች በኩል የቆሙትን እናቶች 'ዘዕሩይ' ምን ማለት እንደሆነ ጠይቃቸው።"

"እነሱማ በእምነት ነው የሚቀበሉት።"

"ምኑን?" አልኩት።

አልተስማማንም። መጽሐፍ የሚያነብ፣ ደፋር ልጅ ነው፤ ሙግቱንም እወድለታለሁ። ለደብረ ታቦር በዓል ዐውደ ምሕረቱ የሱ ነው። ጌታ ክብረ መለኮቱን የገለጠበት በዓል ነውና ያን ቀን ስለ መለኮት ሳይናገር ማምለጫ የለውም። እስቲ እንሰማዋለን።