የአባቴ እከክ እና «ፎስፈረስ ነው» ያሉን ሁለት ወራት

የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው ማሳከክ የተለመደ ነው። አባቴን ያሰቃያቸው ግን እከክ ነበር፤ ቆዳ ውስጥ በሚገባ ጥቃቅን ተባይ የሚመጣው ተላላፊ በሽታ። ይህን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብን፤ ዛሬም ሳስበው ያበግነኛል።

በሳምንት 3 ቀን ይታጠባሉ። ማሳከኩ ሲጀምራቸው «ፎስፈረስ ነው» ተባልን፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀም ማዕድን ማለታቸው ነው። ምግባቸውን ቀየርን፣ የፎስፈረሱን ኪኒን ከምግብ ጋር በሰዓቱ ሰጠን። በምርመራ ፎስፈረሱ ወረደ፤ እሳቸው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያኩ ያድራሉ። ለሐኪሙ ስነግረው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «የበሽታው ጠባይ ነው» አለኝ። ፊስቱላ (ለእጥበት መርፌ የሚገባበት በቀዶ ጥገና የተገናኘ የደም ሥር) ያለበትን ክንድ በየእጥበቱ ያዩታል፤ እዚያው ክንድ ጫፍ ላይ ያሉትን ጣቶች ያየ አልነበረም። እኔም አላየሁም። የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

አንድ ሌሊት የእኔም የእጅ አንጓ ያሳክከኝ ጀመር። የእኔ ኩላሊት ጤነኛ ነው፤ ታዲያ ከየት መጣ? ተነስቼ በባትሪ የአባቴን ጣቶች መሃል አየሁ። ክር የመሰለች ጠማማ ግራጫ መስመር ቆዳው ውስጥ ገብታለች። የቆዳ ሐኪሟ ፈቅፍቃ በማይክሮስኮፕ ተባዩን አሳየችኝ።

ፐርሜትሪን 5 በመቶ ቅባት ጥፍር ሥር ሳይቀር ቀብተን አሳደርን፤ እጃቸውን በታጠቡ ቁጥር መልሰን ቀባን፤ በሳምንቱ ደገምን። አይቨርሜክቲን የሚባል ተባዩን የሚገድል ኪኒንም ታዘዘ፤ ለ60 ኪሎ 12 ሚሊግራም። መድኃኒት ቤት ግን «ኩላሊታቸው ስለማይሠራ ግማሹን ይውሰዱ» አለን። ደግነቱ ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። ይህ መድኃኒት በጉበት ተብላልቶ በሰገራ ነው የሚወጣው፤ በሽንት የሚወጣው ከ1 በመቶ በታች ነው። አባቴም ሙሉውን ዋጡ። ሁሉም መድኃኒት ግን እንዲህ አይደለም፤ ለምሳሌ ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እጥበቱ ጠርጎ ስለሚያወጣው ከእጥበት በኋላ ይሰጣል። ስለዚህ «በየት በኩል ይወጣል? እጥበት ያወጣዋል?» ሳትሉ ኪኒን አትቀንሱ።

«የሚያሳክካቸው ብቻ ይታከሙ» ቢሏችሁም አትስሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው እስከ 6 ሳምንት ምንም ላይሰማው ይችላል። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይቀባ። ከሕክምናው በኋላም ማሳከኩ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል አትደንግጡ።

እጥበት ክፍሉንም ወዲያው ንገሩ። እኛ አፍረን አንድ ሳምንት ዘገየን። ስንናገር፣ ከአጠገባቸው የሚታጠቡት እናትም ሲያኩ መክረማቸውን ሰማን። እሳቸውንም ፎስፈረስ ነው ብለዋቸው ነበር።